የጋሽ ወልዴ ክፍት ዋይፋይ

ባለፈው ሰሞን የአማቴ የጋሽ ወልዴ አርባ ወጥቶ፣ ዘመድ ወደየመጣበት ከተበተነ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ምሕረት ሱቃቸውን ልናስረክብ ሀዋሳ ቀርተን ነበር። ሱቁ መሃል ከተማ ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጥበታል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሣበታል። ምሕረት ከጠረጴዛው ጀርባ ቁጭ ብላ የመሳቢያዎቹን ወረቀት ትለያለች። እኔ ያልተሸጡትን ደብተሮች ካርቶን ውስጥ እከታለሁ። የአሥር ዓመቷ ልጃችን ሊያ ደግሞ “ላግዛችሁ” ብላ መጥታ ስልክ ላይ ተጎልታለች።

“አባዬ፣ የአያቴ ዋይፋይ እኮ ፓስወርድ የለውም። ልግባ?” አለችኝ።

“አትግቢ” አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ በበሩ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ዞር ብሎ አየኝ። ልጅቷ ደነገጠች።

ምሕረት ቀና ብላ ሳቀች። “ተይው ልጄ፣ አባትሽ ክፍት ዋይፋይ ሲያይ ሆዱን ይቆርጠዋል” አለቻት።

እውነቷን ነው። ሆቴል ገብተን አስተናጋጇ “ዋይፋይ አለን፣ ፓስወርድም አያስፈልገውም” ስትለኝ፣ አመሰግናለሁ ብዬ የስልኬን ዳታ የምከፍት ሰው ነኝ። ነገር ታካብዳለህ ይሉኛል። አካብዳለሁ፣ አልክድም። ከልጅነቴም ሐሳብ ሰላም የማይሰጠኝ ሰው ነበርኩ። ይህኛው ፍርሃት ግን መነሻው ይታወቃል። የመጣው ከዚሁ ሱቅ፣ አሁን ምሕረት ከተቀመጠችበት ጠረጴዛ ፊት ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ አንድ የቢሮ ዕቃ አስመጪ ዘንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ሆኜ ተቀጥሬ፣ የደቡቡ መስመር ለኔ ተሰጥቶኝ ነበር። በወር አንዴ መፍቻዎቼን፣ ቶነር የሚባለውን የማሽን ቀለምና ላፕቶፕ ባንድ ቦርሳ አጭቄ ከሞጆ ወደ ታች እወርዳለሁ። መንገዱን እወደው ነበር። መቂ ላይ በየመንገዱ ዳር የተቆለለው ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ዝዋይ ለምሳ ስንቆም በሚጥሚጣ የሚቀርበው ዓሣ ጥብስ፣ ሻሸመኔ ላይ ያ ሁሉ ጋሪና ሚኒባስ ሲጋፋ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሀዋሳ ስገባ ከሐይቁ በኩል ፊቴን የሚነካኝ ለብ ያለ ነፋስ። አሁን በፈጣን መንገድ ሽው ብለን ስንወርድ ያ ሁሉ አይታየኝም፤ ወይ መንገዱ ተለውጧል፣ ወይ እኔ።

ኢንተርኔት ያኔ እንዳሁኑ በየኪሱ አልነበረም። የኔ ስልክ ተራ ስልክ ናት፣ ከመደወልና ከባትሪ መብራት ሌላ አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ ግን ሪፖርት በኢሜይል ላክ ይለኛል። ስለዚህ አንድ ከተማ በገባሁ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራዬ ዋይፋይ ማደን ነበር፤ ያውም ያልተቆለፈውን። ለዚሁ የምትሆን ሰማያዊ ልባስ ያላት፣ ጠርዟ በሽቦ የተያዘ ደብተር ነበረችኝ። ፊቷ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ውስጧ እንዲህ ይላል፤ “ሻሸመኔ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ፋርማሲ። ደረጃው ላይ ሲቀመጡ ይሠራል፣ ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል።” “ዝዋይ፣ ባለ ሁለት ፎቁ ሆቴል። ከምሳ በፊት ጥሩ ነው።” “ዲላ፣ የቡና ነጋዴው ቢሮ ጀርባ። ዘበኛው ክፉ ነው።” የሥራ ባልደረቦቼ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከሷ ይገለብጡ ነበር። በዲፕሎማዬ እንኳ ያን ያህል አልኮራሁም።

በኋለኛው ልባሷ ውስጥ በኩል ደግሞ የኢሜይሌን ፓስወርድ ጽፌባት ነበር። ምን ላድርግ፣ እረሳዋለሁ። ሁላችንም እንዲያ ነበርን እኮ። ኢንተርኔት ቤት ሄደን ኢሜይል ክፈቱልን ስንል፣ ፓስወርዱን ራሳቸው አውጥተው በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይሰጡን ነበር። ያቺን ብጣሽ ከመታወቂያችን ጋር አጣጥፈን እንይዛታለን።

አንድ ባልደረባዬ፣ “ክፍት ዋይፋይ ላይ የምትጽፈውን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል፣ እወቅ” ብሎኝ ነበር። “የቶነር ዋጋ አንብቦ ምን ይጠቀማል?” ብዬ ሳቅኩበት።

ኋላ ግን የምጽፈው ስለ ቶነር ብቻ መሆኑ ቀረ።

የጋሽ ወልዴ ማሽን ከደንበኞቼ ሁሉ ታማሚው ነበር። በሄድኩ ቁጥር ወይ ወረቀት ይይዛል፣ ወይ ጥቁር መስመር ይጥላል። ምሕረትን ያወቅኋት እዚያው ሱቅ፣ አባቷን ለማገዝ ከጠረጴዛው ጀርባ ስትቆም ነው። ማሽኑ እንዲበላሽ የምጸልይበት ጊዜ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሁለተኛው ዓመት እሷ ፋርማሲ ልትማር አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ገባች፣ ነገሩም ከሰላምታ አልፎ ሄደ። አክስቷ ስልክ ሲጮህ ጆሮዋን የምትቀስር ሴት ስለነበረች፣ ቁም ነገር ያለውን ሁሉ በኢሜይል እንጻጻፋለን፤ እሷ ኮሌጅ ስትሄድ ታነበዋለች።

በዚያ ጥቅምት ወር ልንጋባ ቆርጠን ነበር። ችግሩ ጋሽ ወልዴ ናቸው። የሷ ቤተሰብ ጥንቅቅ ያለ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኔ ደግሞ የሆሳዕና ጴንጤ። በዚያ ላይ ሥርዓቱን መሳት አይቻልም። የሴት ልጅ አባት ነገሩን መጀመሪያ የሚሰማው ከሽማግሌ አፍ ነው። ከዚያ በፊት ልጅቷ ምንም አታውቅም፣ ልጁም ምንም አልተናገረም፤ በይፋ ማለቴ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ግን ማንም አላወቀም። አባትየው ከሽማግሌ በፊት ከሌላ ከሰማ ተናቅሁ ብሎ በሩን ይዘጋል፣ የተዘጋውን ደግሞ ማንም አያስከፍተውም። ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ፣ እሑድ ጧት ሀዋሳ ጋሽ ወልዴ ቤት ሊገቡ ተቀጣጥረናል። እኔ ለሥራ ሀዋሳ የገባሁት ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ከእሑድ በፊት እሳቸው ጆሮ አንዲት ቃል ከገባች ምሕረትን አጣኋት ማለት ነው። በጉዞው ሁሉ ሳስበው የመጣሁት ይኸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነበር የደረስኩት። ዝናቡ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዛፍ ላይ ሆነው እንደ ጡረተኛ ትክዝ ብለዋል። ከጋሽ ወልዴ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ አዘዝኩና ላፕቶፔን ከፈትኩ። አዲስ ክፍት ዋይፋይ! ስሙ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ደስ ብሎኝ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት፣ “ሀዋሳ፣ ጁስ ቤቱ በረንዳ፣ በጣም ጥሩ” ብዬ።

ከዚያ ለምሕረት ጻፍኩ። ደብዳቤውን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። “አባትሽ ደውለው ‘ልጁን ታውቂዋለሽ ወይ’ ካሉሽ፣ ‘ማሽን ሲጠግን አይቼዋለሁ’ በይ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። እምቢ ካሉ ደግሞ አትጨነቂ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን፣ ከዚያ በኋላ ምን ያመጣሉ? ሰውዬው እንደሆኑ ካንቺ ይልቅ ለፎቶ ኮፒ ማሽናቸው ነው የሚሳሱት።” የመጨረሻዋን ስጽፍ ፈገግ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል። ወጣት ነበርኩ፣ ሳቋን ለመስማት ስል አባቷን ሸጥኳቸው።

ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ቀና ስል ጋሽ ወልዴ ከሱቃቸው ደጅ ወጥተው ወደ ጁስ ቤቱ አቅጣጫ ያያሉ። ከእሑድ በፊት ዓይን ለዓይን መተያየት አልፈለግኩም። ላፕቶፑን ከድኜ፣ ጁሱን በግማሹ ትቼ፣ በጓሮ በር ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ያረፍኩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንዲት ፔንሲዮን ነው። ቦርሳዬን ስከፍት ደብተሯ የለችም። ልብስ በልብስ አወጣሁ፣ ኪሴን ደጋግሜ ፈተሽኩ። ጁስ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቻታለሁ። ስሜ ፊቷ ላይ፣ ፓስወርዴ ጀርባዋ ላይ። ወዲያው ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ፤ ጁስ ቤቱ ግን ገና ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ዘግቷል። የጋሽ ወልዴ ሱቅ ክፍት ስለነበር በዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ሰው ማጠያየቅ አልደፈርኩም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

መፍራቴ ያለምክንያት አልነበረም። በዚያ መንግሥት ጊዜ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ስልክ ስናወራ እንኳ ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር ከመጣ “እሱን በአካል ስንገናኝ” ተባብለን ነው የምንዘጋው። ኢሜይል ይነበባል ይባላል፣ ማን እንደሚያነበው አይባልም። እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም፤ ግን ሰው ከኋላዬ ቆሞ እያነበበኝ ነው የሚለው ስሜት አየሩ ውስጥ ነበር፣ ሁላችንም ለምደነው ነበር። የባልደረባዬ ማስጠንቀቂያ ያን ሌሊት መጣብኝ። ክፍት ዋይፋይ ላይ የምትጽፈውን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል።

አርብ ጧት ከጋሽ ወልዴ ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ብቀር ይጠረጥራሉ ብዬ ሄድኩ። ማሽኑን ፈታሁት፣ ከበሮ የምንለውን ክፍል አውጥቼ መጥረግ ጀመርኩ። እሳቸው እዚህ ጠረጴዛ ጀርባ፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ፖስታ ያሽጋሉ።

ይህ የፖስታው ነገር የታወቀ አመላቸው ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣ ሰው ኮፒውን ይዞ ዋናውን መስታወቱ ላይ ረስቶ ይሄዳል። የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ ብቻ የማይረሳ ነገር የለም። ጋሽ ወልዴ እንዲያ የተረሳውን ሁሉ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ ክዳኑን በሙጫ ለጥፈው፣ መገጣጠሚያው ላይ ቀን ያለበትን የሱቁን ማኅተም ረገጥ አድርገው ይመቱበትና መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ያን ዕለትም አንዲት ሴት እያለከለከች ገባች።

“ጋሼ፣ ወረቀት ረስቼ…”

“ምን ጠፋሽ?” አሉ እጃቸውን መሳቢያው ላይ አድርገው።

“የልጄ የልደት ካርድ።”

“የልጅሽ ስም?”

ነገረቻቸው፣ ፖስታዋን አውጥተው ሰጧት። ስትወጣ ወደኔ ዞረው፣ “ጠፋኝ ብሎ ለመጣ፣ የጠፋውን ለሚያውቅ ነው የምሰጠው” አሉኝ። “ሳይጠይቀኝ ጠርቼ ብሰጠው፣ ‘ይህ ሰውዬ አይቶብኛል’ ይላል። የሰው ወረቀት እኮ የሰው ገመና ነው።”

“እውነት ነው ጋሼ” አልኩ። ምን እንዳሉ በቅጡ አልሰማሁም፤ ሐሳቤ ደብተሬ ዘንድ ነበር።

ቀጣዩን ፖስታ እያሸጉ፣ “ትናንት ገብተህ ነበር ለካ” አሉ።

“የት ጋሼ?”

“ከተማ። አይቼሃለሁ።” ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞሩት። “ዋይፋይ አስገብቻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ማን ማን እንደገባበት ይዘረዝራል፣ የእህቴ ልጅ ነው ያሳየኝ። ይኸው ያንተ ስም።”

ላፕቶፔን ስገዛ መጠሪያው እንዲሆን ስሜን ከነአባቴ ጽፌበት ነበር፣ በኩራት። ዝርዝሩ መሃል ተቀምጧል።

“ይሄ… ክፍቱ… የርስዎ ነው?”

“የኔ ነው። የእህቴ ልጅ ቆልፈው ቆልፈው ይለኛል። ደጄ ለተቀመጠ ሰው ምን ብዬ ነው የምቆልፈው? ነውር አይደለም እንዴ?” ብለው ወደ ፖስታቸው ተመለሱ።

አንዳንድ ሰው ሲፈራ ምላሱ ይታሰራል። እኔ ስፈራ አፌ ይከፈታል። ስሜን ካዩ ደብዳቤውንም አይተዋል፣ ደብዳቤውን ካዩ እያዋዙ የሚጠብቁት ይቅርታ እስክጠይቅ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር አልታየኝም። መፍቻዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። እጄ እስከ ክንዴ በቶነር ጠቁሯል።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ ማዘጋጃ ቤት ያልኩት የልጅነት ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ መምጣታቸው አይቀርም፣ በሥርዓቱ ነው የምንፈልገው። ምሕረት ምንም ጥፋት የለባትም። ስለ ማሽኑም የጻፍኩት ቀልድ ነው…”

እንዲህ እያልኩ የደብዳቤውን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ አንዲት ነገር አላስቀረሁም። ጋሽ ወልዴ ማኅተሙን እንዳነሡ ቀሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም። ያየሁት ግራ መጋባት ነበር፤ ቀስ በቀስም ወደ መረዳት ሲለወጥ አየሁት። ዝም ማለት የነበረብኝ ያኔ እንደነበር ያወቅኩት የምለው ካለቀብኝ በኋላ ነው።

“ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ያየሁት ስምህን ነው።”

የጠቆረ እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ።

“ስም ብቻ ነው የሚያወጣው። ሌላ ነገር አያወጣም፣ ቢያወጣም አላነብም።” ማኅተሙን ቀስ ብለው አስቀመጡት። “በል ማሽኑን ጨርስ።”

እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። አንዷን ብሎን ሦስት ጊዜ ጣልኳት። እሳቸው ሻይ አስመጡልኝ። ስምሪት ወረቀቴን አስፈርሜ በሩን ልወጣ ስል ጠሩኝ።

“ሳሙኤል። የረሳኸው ነገር የለም?”

“የለም ጋሼ” ብዬ ሮጥኩ።

ጁስ ቤቱ መንገዱ ማዶ ነበር፣ ደብተሬን ጠይቄ መውሰድ እችል ነበር። ግን በሳቸው ዓይን ፊት ያንን መንገድ መሻገር አቃተኝ። መናኸሪያ ደርሼ ለምሕረት ደወልኩ። አክስቷ ትስማ አትስማ አላሰብኩም።

“ደብዳቤውን አባትሽ ሰምተውታል። እኔው ነኝ የነገርኳቸው።”

“የቱን ደብዳቤ?” አለችኝ።

“የትናንቱን ነዋ።”

“ምንም አልደረሰኝም።”

ቅዳሜ አዲስ አበባ እንደገባሁ ኢሜይሌን ከፍቼ አየሁ። አልሄደም። ላፕቶፑን ስከድነው ተቋርጦ፣ ረቂቅ ውስጥ ቀርቷል። አገር ሁሉ አንብቦብኛል ያልኩትን ደብዳቤ ማንም አላነበበውም፤ የተጻፈላት እንኳ አላየችውም። በዓለም ላይ የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፣ እሳቸውም የሰሙት ከኔ አፍ ነው። ኋላ እንደተረዳሁት ደግሞ፣ ያኔም ቢሆን ኢሜይሉ ራሱ የተቆለፈ ነበር። አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት የምትመስል ትንሽ ነገር ትታይ ነበር፣ ማን ልብ ብሏት። አየሩን ፈርቼ ስንቀጠቀጥ፣ እውነተኛውን ቁልፍ ግን በወረቀት ጽፌ ጁስ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጥቼ ነበር። ፓስወርዴን ያን ዕለት ቀየርኩት። ደብተሯን ማን እንዳነሣት፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማን ከፍቶ ምን እንዳነበበ ግን ማወቅ አልቻልኩም። ይህ ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ አዲስ አበባ ስልኬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ወልዴ ምንም እንዳልሰማ ሰው ተቀብለው፣ ጋብዘው፣ “በሁለት ሳምንት ተመለሱ” አሏቸው። በሁለት ሳምንቱ “ልጅቷን ላናግር” ብለው መለሷቸው። በዚያ መሃል ከሲታ ሆንኩ፣ እህል አልወርድ አለኝ፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ በዚያች ደብዳቤ ምክንያት የተሰጠኝ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ለሽማግሌዎቹ እንኳ ያደረግኩትን አልነገርኳቸውም። በሦስተኛው ሲሄዱ ጋሽ ወልዴ፣ “አንድ ነገር ልጠይቃችሁ” አሉ። “ይህ ልጅ ምሥጢር መያዝ ይችላል?”

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ምለው ነገሯቸው። “ጭምት ነው አቶ ወልዴ። ቃል አይወጣውም።”

ጋሽ ወልዴ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም፤ ግን ሰውዬው እየሳቁ ልጃቸውን ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስለዚያ አርብ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ሀዋሳ በሄድን ቁጥር ሱቅ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ማሽኑን በነፃ እጠግናለሁ፣ እሳቸውም “ዋይፋይ አለ እኮ፣ ግባ” ይሉኛል። አልገባሁም። ስንሰነባበት ደግሞ ሁልጊዜ፣ “የረሳኸው ነገር የለም?” ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ፣ “የለም አባባ” እላለሁ። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንዳንዴ ደግሞ፣ በከፋኝ ቀን፣ ያቺን ደብዳቤ የሚያስታውሱኝ ይመስለኝና መንገዱን ሁሉ ስብሰለሰል እገባለሁ።

እና ባለፈው፣ ልጄ ላይ ከጮህኩ በኋላ ወደ ካርቶኔ ተመልሼ ደብተር ስደረድር፣ ምሕረት ወረቀት መለየቷን እንዳቆመች አየሁ። ከታችኛው መሳቢያ ባለቤቶቻቸው ያልመጡላቸውን ፖስታዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታቸዋለች። አንዱን ግን እጇ ላይ ይዛ ቀርታለች። ወፈር ያለ ነው። ጠርዙ ላይ ሽቦ በወረቀቱ በኩል ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ላዩ ላይ በጋሽ ወልዴ የእጅ ጽሑፍ፣ “የሳሙኤል፣ ባለማሽኑ። ጁስ ቤት ተገኝቶ የመጣ” ይላል።

ተጠግቼ ክዳኑን አየሁ። ሙጫው ደርቆ ቢጫ ሆኗል፣ አልተላቀቀም። ማኅተሙ መሃል ያለውን ቀን ከምሕረት ጋር በጣታችን እየቆጠርን ወደ ኋላ ሄድን። ሐሙስ ነው። እኔ ከመናዘዜ አንድ ቀን በፊት። አርብ ጧት ያቺ ሴት መጥታ እጃቸውን መሳቢያው ላይ ሲያደርጉ፣ የኔ ደብተር ከመዳፋቸው ሥር ነበረች፤ የደብዳቤዎቼ ሁሉ ቁልፍ ተጽፎባት፣ ታሽጋ።

“ለምንድነው ያልሰጡኝ?” አልኩ። “ይህን ሁሉ ዓመት?”

“ጠይቀኸው ታውቃለህ?” አለች ምሕረት።

አልጠየቅኩም። እሳቸው ስንት ጊዜ ጠየቁኝ? በዓመት አራቴ፣ አምስቴ፣ ያንን በር በወጣሁ ቁጥር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋኝ እስክል ጠበቁኝ፤ እኔ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የለም አልኩ። አንዴ፣ አንዲት ቀን ብቻ ‘አዎ አባባ፣ አንድ ደብተር ጠፍቶኛል’ ብል ኖሮ፣ እንዳላነበቡት ራሳቸው በእጃቸው ያሳዩኝ ነበር። ለሁሉም ዋይፋያቸውን ክፍት የተዉትን ሰው፣ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የጠረጠርኳቸው እኔ ነኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ምሕረት ፖስታውን ወደ ኋላ ሳበችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግን እንደ አባቷ ኮስተር ብላ መሳቢያው ላይ እጇን አሳረፈች።

“ምን ጠፋህ?” አለችኝ።

ሊያ ስልኳን አስቀምጣ ሁለታችንንም ታያለች።

“ደብተር” አልኩ። “ሰማያዊ ልባስ ያላት። ፊቷ ላይ ስሜ አለ፣ ከኋላዋ ደግሞ ፓስወርዴ።”

ሰጠችኝ። አዲስ አበባ ይዤው መጥቻለሁ፣ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው። ማኅተሙን እስካሁን አልከፈትኩትም።